ፕሮፔለር፣ ሽራውበ፣ ስኽሩፍ፦ ለአንድ ውልብልቢት ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የመርከብ ሞተር ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነኝ። መርከባችን ጀርመን ውስጥ የተሠራች ስለሆነች መመሪያዋ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ነው። እንግሊዝኛው ‹ፕሮፔለር› በሚልበት ቦታ ጀርመንኛው አንዴ ‹ፕሮፔለር›፣ አንዴ ‹ሽራውበ› ይላል። ኖርዌያዊው አለቃዬ ‹ፕሮፔል› ይለዋል፣ ሆላንዳዊው ደግሞ ‹ስኽሩፍ›። የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው? ካልሆኑስ ዋናው የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል የቱ ነው? ማስታወሻዬን በአማርኛ ስይዝ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ለሥራህ ከሚያስፈልግህ ልነሳ። ሁሉም አንድ ዕቃ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ታስሮ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ መርከቧን የሚገፋት ያው ውልብልቢት ነው። የሚለያየው ሰዎቹ ስም ሲያወጡለት ያዩት ነገር ነው፤ አንዱ መልኩን አይቶ ሰየመው፣ ሌላው ሥራውን። የቀረው ግራ መጋባት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

መልኩን ካዩት እንጀምር። ሽራውበ፣ ስኽሩፍ፣ የዴንማርኩ ስክሩ፣ የስዊድኑ ስክሩቭ፣ የአይስላንዱ ስክሩቫ፣ የእንግሊዝኛውም ስክሩ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ትርጉማቸው ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምንይዘው ጥርስ ያለው ብሎን ነው። አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብቻ ጥንታዊ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል ይመስላሉ። በመዝገበ ቃላት የተለመደው ሐረግ ግን ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛው «ኤስክሩ» ይወስደናል፤ እንግሊዝኛም በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተዋሰው ከዚያ ነው። የሚገርመኝ የፈረንሳይኛው ቃል ትርጉም ነው። «ኤስክሩ» ብሎኑ ሳይሆን ዳዶው ነበር። የሴቷ፣ የዳዶዋ ስም ወደ ወንዱ፣ ወደ ብሎኑ ተሻገረ ማለት ነው።

ከኤስክሩ በስተጀርባ ምን እንዳለ ሊቃውንት አልተስማሙም። ገሚሶቹ በላቲን ጉድጓድ ወደሚል ቃል ይመሩታል፣ ገሚሶቹ እናት አሳማ ወደሚል ቃል። ሁለተኛው ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ፖርቱጋሎች ዛሬም ዳዶንና ሴት አሳማን በአንድ ቃል «ፖርካ» ስለሚሉ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ጀርመኖች በበኩላቸው ዳዶን «ሙተር» ይሉታል፣ እናት ማለት ነው። የሆላንዱ «ሙር»ም ከእናት የመጣ ነው። እኛስ ብንሆን ብሎንን ከፈረንሳይ፣ ዳዶንና ካቻቢቴን ከጣሊያን አምጥተን አይደል የምንሠራው? ካቻቢቴ ውስጥ ያለችው «ቪቴ» ብሎን ማለት ናት፤ ጣሊያንኛው ቃሉን የወሰደው ከወይን ሐረግ ነው፣ ሐረጉ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አይቶ። ይህን ሁሉ የማነሳው ብሎንን ብሎን ብሎ የፈጠረ አንድ ሕዝብ እንደሌለ እንድታይ ነው። አንዱ ከጎረቤት ወሰደ፣ ሌላው ከሚያውቀው ነገር።

ፕሮፔለር ደግሞ ከሥራው የወጣ ስም ነው። በላቲን «ፕሮ» ወደፊት ነው፣ «ፔለሬ» መግፋት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታነባቸው ወደፊት መግፋት ይሆናል። እንግሊዝኛ ግሱን ወስዶ መጨረሻው ላይ የራሱን የባለቤት ጭራ «ኧር» ጨመረበት። ከግስ «ገፊ»፣ «ነጂ» የምናወጣበት መንገድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቃሉ የሚገፋ ሰው ወይም የሚገፋ ነገር ማለት ነበር እንጂ ከመርከብ ጋር ልዩ ግንኙነት አልነበረውም። ጀርመንኛ፣ ሆላንድኛ፣ የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ሁሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝኛ ተቀበሉት። ስለዚህ «ዋናው የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል የቱ ነው?» ላልከው፣ ሁለቱም እንግዶች ናቸው። አንዱ ቀደም ብሎ በፈረንሳይ በር ገብቶ ቤተኛ ሆነ፣ ሌላው ዘግይቶ ከእንፋሎት ሞተር ጋር መጣ።

አሁን ሁለቱ ስሞች አንድ ዕቃ ላይ እንዴት እንደተገናኙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውልብልቢት ከመምጣቱ በፊት የእንፋሎት መርከብ የሚሄደው በጎኖቹ በተተከሉ ትልልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች ነበር። በብሎን መልክ የተሠራ ነገር ውኃ ውስጥ አዙሮ መሄድ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን ሲያባብል ኖሯል። በ1776 አሜሪካኖች ኒው ዮርክ ወደብ ላይ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ የሞከሯት «ተርትል» የምትባል ጠላቂ ጀልባ እንኳ በእጅ የሚዞር እንዲህ ያለ ነገር ነበራት። ከዚያም በ1827 የኦስትሪያ መንግሥት የደን ሠራተኛ የነበረው የቦሄሚያ ተወላጅ ዮዜፍ ሬሰል የፈጠራ መብት አወጣ። የፈጠራውን ስም በደንብ አስተውለው፦ «ማለቂያ የሌለው ብሎን የመሰለ መንኮራኩር»፣ መርከብ ወደፊት ለማንቀሳቀስ። የጀርመንኛው ተናጋሪ ገና ከመጀመሪያው መልኩን አየ። በ1829 ትሪየስተ ወደብ ላይ «ቺቬታ» በምትባል መርከብ ሲሞክረው 6 ኖት (ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ሄዳ የእንፋሎት ቱቦዋ ፈነዳ፤ ፖሊስም ሙከራውን ከለከለበት። ሰውየው የሚገባውን ክብር በሕይወት ዘመኑ አላገኘም፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

በ1836 ለንደን ውስጥ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን መብት አወጡ፤ እንግሊዛዊው ገበሬ ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ በግንቦት፣ ስዊድናዊው መሐንዲስ ጆን ኤሪክሰን በሐምሌ። ሁለቱም ርእሳቸው ላይ የጻፉት «የተሻሻለ ፕሮፔለር» ብለው ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ማለት «የተሻሻለ ገፊ» ብቻ ነበር። የጎን መንኮራኩሩም ገፊ ነው፣ ይህም ገፊ ነው። ሬሰል የዕቃውን ቅርጽ በጻፈበት ቦታ እነዚህ የዕቃውን ሥራ ጻፉ። ዛሬ በመመሪያህ ላይ ጎን ለጎን የምታያቸው ሁለት ቃላት በእነዚያ ሰነዶች ላይም እንደዚሁ ተለያይተው ቆመዋል።

ስሚዝ መጀመሪያ የሠራው እውነትም ብሎን ነበር፣ ሁለት ሙሉ ዙር የተጠማዘዘ የእንጨት ብሎን። በየካቲት 1837 ፓዲንግተን ቦይ ላይ በጀልባው ሲሞክረው ውኃው ውስጥ ከአንድ ነገር ጋር ተላተመና ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ። ጀልባዋ መቆም ሲገባት ፍጥነቷ ጨመረ! ስሚዝም ወዲያው ወደ አንድ ዙር አሳጠረው። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ እያሳጠሩና እየሰነጠቁ ዛሬ አንተ የምታየው ባለ 3፣ ባለ 4፣ ባለ 5 ክንፍ አደረጉት። ሰው የመርከብ ውልብልቢት አይቶ «ይሄ ምኑ ነው ብሎን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያ ስብራት ነው። ስሙ የወጣው ዕቃው ገና ብሎን ሳለ ነው፤ ዕቃው መልኩን ቀየረ፣ ስሙ ባለበት ቀረ።

እንዲያም ሆኖ ስሙ ባዶ ትዝታ አይደለም። ብሎን ዳዶ ውስጥ አንድ ዙር ሲዞር ምን ያህል እንደሚገባ በጥርሱ ይለካል። የመርከብ ውልብልቢትም እንደዚሁ አንድ ዙር ሲዞር ምን ያህል ወደፊት መሄድ እንዳለበት ተለክቶ ይሠራል። እንግሊዝኛው «ፒች» የሚለው ይህን ነው። ጀርመኖች «ሽታይጉንግ» ይሉታል፣ ዳገት መውጣት እንደማለት ነው። ሆላንዶች ደግሞ «ስፑት»፣ ይህም በሌላ ቦታ ችኮላ ማለት ነው። ውኃ እንደ ዳዶ ጠንካራ ስላልሆነ ይሸሻል፣ መርከቧም ከተለካው ታንሳለች። ያንን ጉድለት በሞተር ክፍል መዝገብ ላይ «ስሊፕ» ተብሎ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ብሎን የሚለው ሐሳብ ዛሬም ስሌቱ ውስጥ አለ።

ዕቃው ሲስፋፋ እንግሊዞች ሙሉ ስሙን «ስክሩ ፕሮፔለር» አሉት፣ «ባለ ብሎን ገፊ»፣ ከመንኮራኩሩ ለመለየት። በ1845 የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የብሩነል መርከብ «ግሬት ብሪቴን» በባለ 6 ክንፍ ውልብልቢት አትላንቲክን ተሻገረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለ ውልብልቢቷን «ራትለር» ከባለ መንኮራኩሯ «አሌክቶ» ጋር ጀርባ ለጀርባ አስሮ አጓተታቸው። አሌክቶ በሙሉ ኃይሏ እየቀዘፈች ከ2 ኖት በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ተጎተተች። (እንዲያው ለእውነቱ፣ ባሕር ኃይሉ ባለ ውልብልቢት መርከቦችን ማዘዝ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ጉተታው ለሕዝብ ዓይን የተደረገ ማረጋገጫ ነበር ቢባል ይቀላል።) ከዚያ በኋላ ረጅሙ ስም ለሁለት ተሰነጠቀ። ባሕር ኃይሉ «ስክሩ»ን ያዘ። መንታ ውልብልቢት ያላት መርከብ ዛሬም «ትዊን ስክሩ» ናት፣ በጀርመንኛም «ዶፐልሽራውበን»። ሌላው ሕዝብ ደግሞ «ፕሮፔለር»ን ያዘ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ነገሩ ከዚህም አልፎ መርከቧ ራሷ «ፕሮፔለር» ተባለች፤ «አንዲት ፕሮፔለር ወደብ ገባች» ይባል ነበር።

አለቃህ ለምን «ፕሮፔል» እንደሚል ልንገርህ። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። በኖርዌይኛና በዴንማርክኛ «ኧር» የብዙ ቁጥር ጭራ ነው። «ፕሮፔለር» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ ሲመጣላቸው ለጆሯቸው «ፕሮፔሎች» መሰለ። ስለዚህ ጭራውን ቆረጡና አንዱን «ፕሮፔል»፣ ብዙውን «ፕሮፔለር» አሉት። እንግሊዝኛ ላይ ነጠላ የነበረው ቃል እነሱ ዘንድ ብዙ ሆኗል። እኛ የግእዙን «መላእክት» ነጠላ አስመስለን «መላእክቶች» እንደምንለው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ የተገለበጠ። እኛ ብዙውን ነጠላ አደረግነው፣ እነሱ ነጠላውን ብዙ። ስዊድኖች ግን ቃሉን ሳይነኩ ተቀብለው ለብዙው «ፕሮፔልራር» አሉ፤ ጀርመኖች ደግሞ ለአንዱም ለብዙውም «ፕሮፔለር» ብለው ተዉት። አለቃህ «ፕሮፔለር» ካለህ ከአንድ በላይ እያለህ መሆኑን ልብ በል። ባለ ሁለት ዘንግ መርከብ ላይ ይህ ልዩነት ሥራ ያበላሻል።

አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም እንደገና መሰየም ነበረበት። ራይት ወንድማማቾች በ1903 ለሚያበሩት አውሮፕላን ከመርከብ መሐንዲሶች ስሌት እናገኛለን ብለው ፈልገው አጡ። ከዚያ ነገሩን ራሳቸው ሲያስቡት ውልብልቢት ማለት እየዞረ የሚሄድ ክንፍ ነው ከሚለው ደረሱ፣ በዚያ ስሌት 2.6 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ውልብልቢቶች ከእንጨት ጠርበው ከክንፎቹ ኋላ ተከሉ። ኋላ ስለነበሩ በትክክል ገፊዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌሎች ከፊት መትከል ጀመሩ፣ ከፊት ያለው ደግሞ ይስባል እንጂ አይገፋም። ለቃላት ጥንቁቅ የሆኑ እንግሊዞች በዚያን ጊዜ የሚስበውን «ትራክተር» እያሉ ከገፊው ለዩት፣ ሁለቱን ለሚያጠቃልል ስም ደግሞ «ኤርስክሩ»ን መረጡ፣ የአየር ብሎን ማለት ነው። በ1937 የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎቹ ሮልስ ሮይስና ብሪስቶል በጋራ ያቋቋሙት ኩባንያ ስሙ «ሮቶል ኤርስክሩስ» ነበር። የዚያ ቤት ወራሽ ዛሬ «ዳውቲ ፕሮፔለርስ» ይባላል። በአንድ ቤት ስም ላይ ብሎኑ ወጥቶ ገፊው ሲገባ ታየዋለህ። ባሕር ዳር ወይም ጅማ ስትሄድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 ተሳፍረህ ከሆነ፣ በመስኮቱ ያየኸው ባለ 6 ክንፍ የእነሱ ሥራ ነው።

ጀርመንኛው መጽሐፍህ ለምን ሁለቱንም እንደሚቀላቅል አሁን ይገባሃል። ተራው ጀርመናዊ የመርከቡን «ሽራውበ»፣ የአውሮፕላኑን «ፕሮፔለር» ይላል። ባለሙያው ሲጽፍ ግን ቦታ ይቀያየራሉ። የመርከብ ግንባታ መሐንዲሱ «ሺፍስፕሮፔለር» ይመርጣል፣ የአውሮፕላን ቴክኒክ ጽሑፍ ደግሞ «ሉፍትሽራውበ» ይላል። መመሪያህን አንድ ሰው ብቻ አልጻፈውም፤ መሐንዲስም መርከበኛም ነክቶታል። ሆላንዶችና ዴንማርኮች በተራ ንግግር ለመርከቡ ብሎኑን፣ ለአውሮፕላኑ ፕሮፔለሩን ይዘዋል። ስዊድንና ኖርዌይ ለሁለቱም ፕሮፔለር ይላሉ። አይስላንድ ለሁለቱም ስክሩቫ ብላ ጸንታለች። ባዕድ ቃል አላስገባም ባይ ናት፣ ስክሩቫ ራሱ በመርከብ የመጣ እንግዳ መሆኑ ግን ተረስቷል።

በመርከብህ አፍንጫ ላይ ወደ ጎን የሚገፋውን ትንሹን ውልብልቢት ደግሞ እየው፤ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዝኛው «ባው ትረስተር» ይለዋል፣ የአፍንጫ ገፊ። ሆላንድኛው «ቡኽስኽሩፍ»፣ የአፍንጫ ብሎን። ኖርዌይኛው «ባውግፕሮፔል»። ጀርመንኛው ግን «ቡግሽትራልሩደር»፣ የአፍንጫ ፍልቅ ውኃ መሪ! እዚህ ላይ ጀርመኖቹ ብሎኑንም ገፊውንም ትተው የሚወረወረውን ውኃና የመሪነቱን ሥራ አዩ። መዝገበ ቃላት ላይ «ሽራውበ» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም፤ ስለዚህ ይህን አንዱን በቃልህ ያዘው።

የቅርጽ ስም የት ላይ እንደሚቆም ለማየት ደግሞ «ፎይት ሽናይደር ፕሮፔለር»ን ተመልከት። ኤርንስት ሽናይደር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1920ዎቹ ያፈለቀው፣ ሃይደንሃይም ያለው የፎይት ፋብሪካ የሚሠራው ነው። ከመርከቧ ሆድ በታች ክብ ሳህን ይዞራል፣ ከሳህኑ እንደ ቢላዋ ቀጥ ብለው የወረዱ ክንፎች አብረው እየዞሩ ማዕዘናቸውን ይቀያይራሉ። ጎታች መርከቦች ላይ ታገኘዋለህ። ምንም ጥምዝ የለውም፣ ብሎን የሚያስመስለው አንድም ነገር የለም። ጀርመኖችም «ሽራውበ» ሊሉት አልቻሉም፣ «ፕሮፔለር» አሉት። የመርከብ መሐንዲሶች «ፕሮፔለር»ን የሚመርጡት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥራውን የሚናገር ስም ቅርጹ ሲለወጥ አይፈርስም።

ስለ አማርኛው። እኔ ቴክኒክ ነክ ጽሑፎችን ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ በመመለስ ዓመታት አሳልፌያለሁ፣ የምነግርህ ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ የትንሽ ጀልባ የደኅንነት ወረቀት እንዳርም ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ተርጓሚ «ከመነሳትህ በፊት ሽራውበውን መርምር» የሚለውን «ከመነሳትህ በፊት ብሎኖቹን አጥብቅ» ብሎት ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ገመድ የተጠመጠመበት ውልብልቢት ግን ሳይታይ ሞተር ሊነሳ ነው። ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ቢኖርስ? እጄ ላይ ባይደርስ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ስለዚህ ለመርከብም ለአውሮፕላንም «ውልብልቢት» ብለህ ብትጽፍ ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛው ሥራውን፣ ጀርመንኛው መልኩን ሲያይ የእኛ ቃል ዓይን የሚያየውን ይዟል፤ ሲዞር ውልብ ውልብ ማለቱን። የሥራ ባልደረቦችህ «ፕሮፔለር» የሚለውን ከለመዱ እሱም ያው ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ይገባዋል። «ብሎን» ግን ለውልብልቢት በፍጹም አትጻፍ። «ፕሮፔለር»ን ደግሞ ለሄሊኮፕተር አናት አታውል፤ ያኛው ሮተር ነው፣ ጀርመኖች ሄሊኮፕተሩን «ሁብሽራውበር» ማለታቸው አያሳስትህ።

መመሪያህ ላይ «ሽራውበ» ስታይ አጠገቡ ያለውን ተመልከት። ቀጥሎ ኤም 12፣ ኤም 16 ዓይነት ቁጥር ወይም የማጥበቂያ ልክ ካለ ብሎን ነው። «ቬለ» ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ «ሽራውበንቬለ» ካለ የውልብልቢቱ ዘንግ ነው። «ፍሉግል» የሚል ካለ ስለ ክንፎቹ ነው የሚያወራው። «ሙተር» የሚል ካየህ ግን ዳዶ ነው፤ እዚያ ላይ ቆም ብለህ ሥዕሉን ተመልከት፣ ምክንያቱም ውልብልቢቱን ዘንጉ ላይ የሚይዘውም ትልቅ ዳዶ ያው «ሙተር» ነው የሚባለው።